ስለ ጫት፣ ቡና፣ መጠጥና ክኒን ጠይቁኝ፦ ጭንቅላታችንና ሰውነታችን ላይ ምን ይሰራሉ?

ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ። ባለፈው ስለ ትራማዶል (ጠንከር ያለ የህመም ማስታገሻ ክኒን ነው) ትንሽ ነገር ከፃፍኩ በኋላ በውስጥ መስመር የሚመጣው ጥያቄ በዛብኝ፣ አንድ አይነቱን ለየብቻ ከምመልስ እዚሁ ጠይቁኝ ብያለሁ። ፋርማሲስት ነኝ እንጂ ሀኪም አይደለሁም፣ ዶክተር እያላችሁ አታሳፍሩኝ። አንድ ነገር ሰውነት ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚሰራ ልነግራችሁ እችላለሁ፣ «እኔን ምን ነካኝ» ለሚለው ግን ቁጭ ብሎ የሚያያችሁ ሰው ያስፈልጋል። ስድብና ስብከት እዚህ የለም፣ የሚቅምም የማይቅምም እኩል ይጠይቅ።

ጥያቄ፦ ሁሌ ዶፓሚን ዶፓሚን ትላላችሁ፣ እስቲ ለኛ ለማናውቀው በቀላሉ፣ ሱስ የሚያሲዝ ነገር ጭንቅላት ውስጥ ገብቶ ምንድነው የሚያደርገው?

መልስ፦ እሺ። አንጎል ውስጥ ያሉ ነርቮች አብዛኞቹ አይነካኩም፣ በመሀላቸው በጣም ጠባብ ክፍተት አለች፣ አንዱ ለሌላው መልእክት የሚያደርሰው ክፍተቷ ውስጥ ኬሚካል እየለቀቀ ነው። ዶፓሚን ከነዚህ ኬሚካሎች አንዱ ነው፣ ኖርአድሬናሊን አለ፣ ሴሮቶኒን አለ፣ ጋባ አለ፣ ግሉታሜት አለ። ማዶ ያለው ነርቭ ላይ ደግሞ መልእክቱን የሚቀበል ሪሴፕተር አለ። ሱስ የሚያሲዙት ነገሮች በሙሉ ይሄንን የነበረ መስመር ነው የሚጠልፉት፣ ከውጭ ይዘውት የሚመጡት ደስታ የለም። ሞርፊንና ኒኮቲን የራሳችንን ኬሚካል መስለው ሪሴፕተሩ ላይ ይሰራሉ፣ ካፌይን ሪሴፕተሩን ይዘጋል፣ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ነርቩ ያጠራቀመውን ዶፓሚን እንዲለቅ ያደርገዋል፣ ኮኬይን ደግሞ የተለቀቀው ተመልሶ እንዳይሰበሰብ ይከለክላል።

ከዚህ በኋላ የምመልሰው ሁሉ ውስጥ የሚመላለስ ነገር አለ እና አሁኑኑ ልበለው፣ አንጎል ዝም ብሎ አይቀበልም። ከውጭ የሚገፋው ነገር ሲደጋገምበት እሱም በተቃራኒው ይገፋል፣ ሪሴፕተር ይጨምራል ወይ ይቀንሳል፣ የራሱን ምርት ያስተካክላል። በፊት ይበቃህ የነበረው መጠን አልበቃ የሚልህ ለዛ ነው፣ ስታቆም ደግሞ የነገሩ ግልባጭ ነው የሚመጣብህ፣ ሲያነቃህ የነበረው ሲቀር ትፈዛለህ፣ ሲያረጋጋህ የነበረው ሲቀር ትንቀጠቀጣለህ።

ጥያቄ፦ እኔ ምርቃና ላይ አገር እገነባለሁ፣ ቢዝነስ ፕላን እፅፋለሁ፣ የተጣላሁትን ሁሉ ደውዬ እታረቃለሁ። ማታ ሲሆን ደግሞ ልቤ ድው ድው እያለ እንቅልፍ የለም፣ «ምን ሰራሁ በህይወቴ» እያልኩ ጣራ ሳይ አድራለሁ። ያው ጫት ነው አይደል? ምን ሆኖ ነው ሁለት መልክ ያለው?

መልስ፦ ሃሃሃ፣ ቢዝነስ ፕላኑ ጠዋት ሲነበብ እንዴት ነው? በነገራችን ላይ ጥያቄህ በጣም ጥሩ ነው፣ መልሱም ኬሚስትሪው ውስጥ ቁልጭ ብሎ አለ።

ትኩስ ጫት ውስጥ ዋናው ካቲኖን ነው፣ አሰራሩ አምፌታሚን ከሚባለው አነቃቂ መድሀኒት ጋር የአንድ ቤተሰብ ነው። ስትቅም አብዛኛው እዛው አፍህ ውስጥ በጉንጭህ በኩል ነው ወደ ደም የሚገባው፣ ዋጥ ስታደርገው የቀረው በሆድ። ቀስ እያለ ስለሚገባ ደም ውስጥ ጣራ የሚነካው መቃም ከጀመርክ ሁለት ሰዓት አካባቢ ቆይቶ ነው፣ ጨዋታው የሚደምቀውም ያኔ ነው። ዶፓሚን ይለቀቃል፣ ሁሉም ሀሳብ ትልቅ ሆኖ ይታይሃል፣ ኖርአድሬናሊኑ ደግሞ ሰውነትህ ላይ ይሰራል፣ ልብ ይፈጥናል፣ ግፊት ይወጣል፣ የአይንህ ብሌን ይሰፋል፣ አፍ ይደርቃል፣ የምግብ ፍላጎት ይጠፋል፣ ወንዶች ደግሞ ሽንት አልወርድ ይላቸዋል (ይሄን ጮክ ብሎ የሚያወራ የለም፣ ግን ብዙ ነው የሚጠይቀኝ፣ የፊኛው መውጫ ስለሚጨመደድ ነው)።

አሁን ወደ ማታው እንምጣ። ካቲኖን ደም ውስጥ ብዙ አይቆይም፣ በሰዓት ተኩል አካባቢ ግማሹ ይሄዳል። ካቲን የሚባለው ወንድሙ ግን ግማሹ እስኪወጣ አምስት ሰዓት አካባቢ ይፈጃል፣ ጉበትም ካቲኖኑን ራሱን ወደ ኖርኤፌድሪን ይቀይረዋል። እነዚህ ሁለቱ አንጎል ላይ ደካሞች ናቸው፣ ልብና ደም ስር ላይ ግን ይሰራሉ። ስለዚህ ደስታውን የሚሰጠው ቀድሞ ይወጣል፣ የሚያነቃውና ልብ የሚያስመታው ይቀራል፣ ዶፓሚን ደግሞ ከሰዓቱን ሙሉ ሲለቀቅ ስለዋለ ክምችቱ ቀንሷል። አንተ «ምን ሰራሁ በህይወቴ» የምትልበት ሰዓት በትክክል ያ ነው፣ ስለ ህይወትህ የሚናገረው ነገር ስለሌለ ሌሊት ላይ ትልቅ ውሳኔ አትወስን።

ጥያቄ፦ እና ጫት ከአወዳይ ተነስቶ እንደ አምቡላንስ የሚበረው ለዛ ነው? ገራባና የደረቀ ጫት ለምን እንደ ትኩሱ አይሆንም?

መልስ፦ አዎ። ካቲኖን የሚገኘው ለጋው ቅጠል ላይ ነው፣ ከተቆረጠ በኋላ ቅጠሉ ሲጠወልግ በሁለት ቀን ገደማ ወደ ካቲንና ኖርኤፌድሪን ይቀየራል። በኮባ የሚጠቀለለውም እርጥበቱ እንዳይሄድ ነው፣ ገበሬው ላብራቶሪ ሳይገባ ያወቀው ነገር ነው። ሳይንሱ እንኳን ቆይቶ ነው የደረሰበት፣ ለብዙ አመታት የደረቀ ናሙና ላይ ስለሚሰሩ ዋናው ነገር ካቲን ነው ሲሉ ኖሩ፣ በ1975 (እዚህ የምጠራው አመት ሁሉ በፈረንጆቹ ነው) የተባበሩት መንግስታት ላብራቶሪ ነው ካቲኖንን ከትኩስ ቅጠል ለይቶ ያወጣው።

ከዚህ ጋር የሚሄድ የእስራኤል ታሪክ አለ። እዛ ከየመን የመጡ አይሁዶች ቅጠሉን ይቅሙ ነበር፣ ዛሬም ቅጠሉን መቃም አይከለከልም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ግን አንዳንዶች ካቲኖኑን በካፕሱል አድርገው «ሀጊጋት» ብለው ኪዮስክ ላይ መሸጥ ጀመሩ፣ ከዛ ደረቱን ያመመው፣ ልቡ የተነካ፣ አንጎሉ ውስጥ ደም የፈሰሰ ሰው ሆስፒታል መምጣት ጀመረ፣ በ2004 ታገደ። ሞለኪዩሉ ያው ነው። ቅጠሉ ላይ ግን አፍህ ይደክማል፣ ሆድህ ይሞላል፣ ሰዓት ይፈጃል፣ ካፕሱሉ ላይ ይሄ ሁሉ የለም፣ በአንድ ጉርሻ ይገባል። አንድ ነገር ሱስ የማስያዝና የመግደል አቅሙ በምን ፍጥነት አንጎል እንደደረሰ ላይ በጣም ይወሰናል፣ የሚጨሰውና በመርፌ የሚሰጠው ከሚዋጠው የሚከፋው ለዛ ነው።

ጥያቄ፦ ጨብሲስ (ከጫት በኋላ ምርቃናውን ለመስበር የሚጠጣው)? ሁለት ቢራ ካልጠጣሁ አልተኛም። ቅሜ ስጠጣ ደግሞ አልሰክርም፣ ሌላው ሶስት ጠርሙስ ላይ ሲወድቅ እኔ ስድስት ጠጥቼ መኪና እነዳለሁ።

መልስ፦ ወንድሜ ይቺን ቀስ ብለህ አንብብልኝ። ትሰክራለህ። ደምህ ውስጥ ያለው አልኮል ካልቃመው ጋር እኩል ነው፣ ጉበትህ ጫት ስለቃምክ ፈጥኖ አያቃጥለውም። የጠፋብህ የመስከር ስሜቱ ነው፣ ካቲኖኑና ካቲኑ እንቅልፍና ድብታውን ስለሸፈኑት። እጅህና አይንህ የሚዘገዩት መዘግየት፣ ርቀት የመገመት ችግር፣ ድፍረቱ፣ ይሄ ሁሉ አለ፣ ማስጠንቀቂያው ብቻ ነው የሌለው፣ እንዲያውም ሌላው ሶስት ላይ ሲያቆም አንተ ስድስት ትደርሳለህ ማለት ነው። ከዛ ጫቱ ቀድሞ ሲለቅህ ስድስቱም ባንድ ጊዜ ይመጡብሃል፣ ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ።

እንቅልፉም ቢሆን እንቅልፍ አይደለም። አልኮል ቶሎ ያስተኛህና ሌሊቱን በግማሽ ይሰብረዋል፣ ስትነሳ ሰውነትህ እንዳላረፈ ይሰማሃል፣ ከሰዓት ሀራራው ይነሳል፣ ትቅማለህ፣ ማታ ለማጥፋት ትጠጣለህ። ሱስ ማስያዝ የሚችሉ ሁለት ነገሮች አንዱ ለሌላው ምክንያት ሲሆኑ ከሁለቱም መውጣት ይከብዳል። እኔን ብትጠይቀኝ በዚች አገር ጫት ብቻውን ካመጣው ጣጣ ይልቅ ጨብሲ ያመጣው ይበልጣል ባይ ነኝ። ማቆም ካልቻልክ ቢያንስ ሰዓቱን አሳጥርና ጠዋቱ ላይ አድርገው፣ ከ9 ሰዓት በኋላ የገባ ጫት ሌሊቱን ይዞብህ ይሄዳል።

ጥያቄ፦ እህቴ እኔ ቡና ካልጠጣሁ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስፆም ጭንቅላቴ ሊፈነዳ ይደርሳል። የፆሙ ነው የቡናው? እርጉዝም ነኝ እና ስንት ስኒ ነው የሚፈቀደው?

መልስ፦ በአብዛኛው የቡናው ነው። ነቅተሽ በቆየሽ ቁጥር አንጎልሽ ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ነገር ይጠራቀማል፣ ሪሴፕተሩ ላይ ሲቀመጥ ድካምና እንቅልፍ ይሰማሻል። ካፌይን ልክ ታክሲ ውስጥ ቀድሞ ገብቶ የሰው ወንበር እንደያዘ ልጅ አዴኖሲን ሊቀመጥበት የነበረውን ይይዛል፣ ራሱ ግን ምንም አይሰራም፣ ድካሙም አልጠፋም፣ ቆሞ እየጠበቀ ነው። በየቀኑ ስትጠጪ አንጎል ተጨማሪ ሪሴፕተር ይሰራል። አንድ ጠዋት ካፌይኑ ሲቀር አዴኖሲን ሁሉንም ይይዝና ትፈዣለሽ፣ ካፌይን አጥብቦት የነበረው የአንጎል ደም ስርም ይሰፋል፣ ራስ ምታቱ እሱ ነው። ከመጨረሻው ስኒ በኋላ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ ይጀምራል፣ ለአንዳንዱ ሳምንት ድረስ ይቆያል። ስለዚህ ፆም ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ከሶስት ስኒ ወደ ሁለት፣ ከዛ ወደ አንድ ቀንሺ፣ ረመዳን ለሚፆሙትም ያው ነው።

እርግዝናው ላይ ደግሞ፣ ጤነኛ ሰው ውስጥ ካፌይን ግማሹ ለመውጣት አምስት ሰዓት አካባቢ ይፈጅበታል (11 ሰዓት ላይ የጠጣሽው ቡና ማታ 4 ሰዓት ግማሹ ገና እዛው ነው)። እርግዝናው ሲገፋ ይሄ ሁለት ሶስት እጥፍ ይረዝማል፣ ፅንሱ ደግሞ ማውጫ የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ300 ሚሊግራም በላይ የምትጠጣ እርጉዝ እንድትቀንስ ይመክራል። የኛ ስኒ ትንሽ ቢሆንም አቦሉ ወፍራም ነው እና አንድ ስኒ አቦል ጠጥተሽ ቶናና በረካውን ለእንግዳ ተይው። ከምግብና ከአይረን ክኒንሽ ጋር አትጠጪው፣ አይረኑ በደንብ እንዳይገባ ያደርጋል፣ ሰዓት ሁለት ሰዓት ለይው። የወሊድ መከላከያ ክኒን የምትወስዱም ካፌይን በናንተ ላይ እጥፍ ያህል ይቆያል፣ ሲጋራ የሚያጨስ ደግሞ በተቃራኒው ቶሎ ያወጣዋል።

ጥያቄ፦ የታክሲ ረዳት ነኝ። ልጆቹ ለድካም ብለው ትራማዶል ይውጣሉ፣ አንዱ ሁለት ወስዶ ምንም አይሆንም አንዱ በአንድ ይወድቃል፣ ባለፈው አንዱ አረፋ ደፍቆ ተንፈራገጠ። አንድ መድሀኒት አይደለም እንዴ?

መልስ፦ ይሄኛው ላይ ትንሽ ረዘም እላለሁ ምክንያቱም ነገሩ በተለይ እኛን ይመለከታል።

ትራማዶል ሲዋጥ ሁለት ስራ ይሰራል። አንደኛ እሱ ራሱ ሴሮቶኒንና ኖርአድሬናሊን ተመልሰው እንዳይሰበሰቡ ይከለክላል፣ ንቃት የሚመስለው ነገር ከዛ ነው፣ መንፈራገጡም ብዙ ጊዜ ከዚህ ወገን ነው የሚመጣው፣ መጠኑ ሲበዛ ወይም ከሌላ ነገር ጋር ሲቀላቀል። ሁለተኛ ጉበት ውስጥ ሲዋይፒ ቱ ዲ ሲክስ የሚባል ኢንዛይም ወደ ሌላ ነገር ይቀይረዋል፣ ያ የተቀየረው ነው ሞርፊን የሚሰራበት ሪሴፕተር ላይ በጠንካራው የሚሰራው። የሱን ጥንካሬ የሚወስነው እንግዲህ ክኒኑ ብቻ ሳይሆን ጉበትህ ምን ያህል ኢንዛይም እንዳለው ነው።

እና በ1996 በፈረንጆቹ ኢትዮጵያውያን ላይ የተሰራ ጥናት ወጥቶ ነበር፣ 29 ከመቶ የሚሆኑት የዚህ ኢንዛይም ጂን ትርፍ ኮፒ ነበራቸው። በአብዛኛው አውሮፓ ይሄ ጥቂት ሰው ላይ ብቻ ነው የሚገኘው። ትርፍ ጂን ያለው ሰው ትራማዶሉን ቶሎና በብዛት ወደ ጠንካራው ይቀይረዋል፣ ኮዴይንንም (ማስታገሻና የሳል ሽሮፕ ውስጥ የሚገባ ነው) ወደ ሞርፊን እንደዛው። ጓደኛው ምንም ያልሆነበት አንድ ክኒን ለሱ ኦቨርዶዝ ሊሆን ይችላል፣ እና ማን እንደሆነ ፊቱ ላይ አልተፃፈም። የአሜሪካው የመድሀኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ በ2017 ትራማዶልና ኮዴይን ከ12 አመት በታች ላለ ልጅ እንዳይሰጥ፣ የምታጠባ እናትም እንዳትወስድ ያለው በዚሁ ምክንያት ነው። ዲሲም ዱባይም ያላችሁ፣ ዘመድ የላከላችሁን የኮዴይን ሳል ሽሮፕ ለልጅ አትስጡ፣ ሀኪም ኮዴይን ወይ ትራማዶል ሲያዝላችሁ «ኢትዮጵያዊ ነኝ፣ የሲዋይፒ ቱ ዲ ሲክስ ጂን ትርፍ ኮፒ ያለን ብዙ ነን» በሉት፣ የሚያውቅ ሀኪም ይገባዋል።

የሚገድለው ትንፋሽ ማቆሙ ነው። አንጎል ስር ያለው ትንፋሽን የሚቆጣጠረው ክፍል ላይ ይሄው ሪሴፕተር ሞልቷል። ሰውየው ተኝቶ የሚያንኮራፋ ይመስላል፣ ብሌኑ እንደ መርፌ ቀዳዳ ይጠባል፣ ከንፈሩ ይጠቁራል። «ተዉት ይተኛ» ብላችሁ እንዳትተዉት፣ ቀስቅሱት፣ ካልነቃ በጎኑ አስተኙትና ሆስፒታል ውሰዱት። ከቢራ ወይ ከዲያዜፓም (የሚያረጋጋና የሚያስተኛ ክኒን) ጋር የወሰደ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ናሎክሶን የሚባል ማርከሻ አለ፣ አሜሪካ ከ2023 ጀምሮ የአፍንጫ ስፕሬዩ ያለ ማዘዣ ይሸጣል፣ ግን እሱም ቶሎ ያልቃል፣ ነቅቶ ተመልሶ ሊወድቅ ስለሚችል ሆስፒታሉ አይቀርም።

ጥያቄ፦ ሯጭ ነኝ፣ ክለብ ውስጥ። ለጉልበቴ ህመም ትራማዶል ቢሰጡኝ ችግር አለው? ጫትስ?

መልስ፦ አለው። ትራማዶል ከጥር 2024 በፈረንጅ አቆጣጠር ጀምሮ ውድድር ላይ በፀረ ዶፒንግ ኤጀንሲው የተከለከለ ነው። ካቲንም ውድድር ላይ ሽንትህ ውስጥ በሚሊ ሊትር ከ5 ማይክሮግራም ካለፈ ያስቀጣል፣ ስለዚህ ጫት አይሞከርም። የጉንፋን ክኒን ውስጥ የሚገባ ሱዶኤፌድሪንም ገደብ አለው። ቡና ከ2004 ጀምሮ ከክልከላው ወጥቷል፣ እንደልብህ። ማንኛውንም ክኒን ከመዋጥህ በፊት ለክለቡ ሀኪም አሳይ።

ጥያቄ፦ ሪያድ ነው ያለሁት። እዚህ ሹፌሮች «አቡ ሂላሊን» የሚሉት ክኒን አለ፣ ሁለት ጨረቃ ያለበት። ምንድነው?

መልስ፦ ካፕታጎን ነው። ድሮ ጀርመን ውስጥ በ1961 የተሰራ መድሀኒት ነበር፣ ሰውነት ውስጥ ወደ አምፌታሚን የሚቀየር። ዛሬ በዛ ስም የሚሸጠው በአብዛኛው በድብቅ የተሰራ አምፌታሚንና ካፌይን ነው፣ መጠኑን የሚያውቅ የለም። ሁለት ቀን ያለ እንቅልፍ ያስነዳል፣ ከዛ ሰው ይከተለኛል ማለት ይጀመራል፣ ልብም ያቆማል። እዛ አገር ቅጣቱ ከባድ ስለሆነ ከያዘው ሰው ጋር አንድ መኪና ውስጥ እንኳን አትገኝ። ወደ ውጭ የምትጓዙም ሻንጣችሁ ውስጥ ለዘመድ ብላችሁ ጫት አትያዙ፣ በደረቅም በዱቄትም። ሆላንድ በ2013፣ እንግሊዝ በ2014 አግደውታል፣ አሜሪካ ካቲኖንን ከ1993 ጀምሮ ከሄሮይን ጋር አንድ መደብ ውስጥ ነው ያስቀመጠችው።

ጥያቄ፦ አጎቴ አረቄ ይጠጣል፣ ጠዋት እጁ ይንቀጠቀጣል ሲጠጣ ይቆማል። ቤተሰብ ተሰብስቦ ቤት ቆልፈንበት እናስቁመው ተባለ። ደግሞ አረቄ አይን ያጠፋል የሚሉት እውነት ነው?

መልስ፦ እባካችሁ እንዳትቆልፉበት! አልኮል የሚያረጋጋውን ጋባን ያጠናክራል፣ የሚያነቃውን ግሉታሜትን ይጫናል። አመት ሙሉ ሲጠጣ የኖረ አንጎል ይሄን ለማካካስ ማንቂያውን ከፍ አድርጎ ነው የሚኖረው፣ መጠጡ በድንገት ሲቆም ማንቂያው ብቻውን ይቀራል። በመጀመሪያው ቀን እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ይመጣል፣ እስከ ሁለተኛው ቀን መንፈራገጥ ሊመጣ ይችላል፣ ከሁለት እስከ አራት ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ ቀኑንና ቦታውን መሳት፣ የሌለ ነገር ማየት፣ ትኩሳት፣ ይሄኛው ይገድላል። ሰፈር ውስጥ «ርኩስ መንፈስ ያዘው» የሚባለው አንዳንዱ ይሄ ነው፣ ፀበልም ቢሄድ መጀመሪያ ሆስፒታል ይታይ። ሀኪም ቤት በመድሀኒት ቀስ ተደርጎ ይወርዳል፣ ቫይታሚን ቢ1ም ይሰጠዋል፣ ምግብ ሳይበላ የሚጠጣ ሰው እሱ ያልቅበትና አንጎሉ ይጎዳል። ለነገሩ ዲያዜፓም ለወራት የወሰደ ሰውም እንደዚሁ ነው፣ በአንድ ቀን አይቆምም።

የአይኑ ነገር እውነት ነው፣ ግን የሚያጠፋው ሜታኖል የሚባለው ሌላ አልኮል ነው። ከሚጠጣው አልኮል በጣዕምም በሽታም አትለየውም። እህል ሲጠመቅ በተፈጥሮው የሚወጣው ትንሽ ነው፣ ሰው በጅምላ የሚጨርሰው አብዛኛውን ጊዜ ለፋብሪካ የመጣ ሜታኖል ሲቀላቀል ነው። ሜታኖል ራሱ ብዙም አይጎዳም፣ ጉበት ወደ ፎርሚክ አሲድ ሲቀይረው ነው የአይን ነርቭን የሚመታው፣ ይሄ ጊዜ ስለሚወስድ ሰውየው ማታ ጠጥቶ በሰላም ይተኛል፣ በማግስቱ ነው «አይኔ ላይ ጉም መጣብኝ» የሚለው፣ ሆዱን ያመዋል፣ ትንፋሹ ይፈጥናል። ሀንጎቨር ነው ብላችሁ እንዳትጠብቁ፣ ሰዓቱ አይን ነው። ሆስፒታል መርዙ እንዳይቀየር የሚያደርግ መድሀኒት አለ፣ ኩላሊት እጥበትም ያደርጉለታል።

ጥያቄ፦ እኛ ሰፈር ማስቲሽ የሚስቡ ልጆች አሉ፣ ጥበቃው በዱላ ያባርራቸዋል። ማስቲሽ ምን ይሰራል?

መልስ፦ ውስጡ ያለው ቶሉዊን ስብ ውስጥ የሚሟሟ ነገር ስለሆነ ከሳንባ ወደ አንጎል በሰከንዶች ነው የሚደርሰው። ረሀብና ብርድ ያስረሳል፣ ልጆቹም ለዛ ነው የሚስቡት፣ መዝናኛ ብለው አይደለም። አመታት ሲሄድ የነርቮቹን የስብ ሽፋን ያበላሻል፣ አካሄዳቸው ይዛባል፣ ማስታወስ ያቅታቸዋል። የጥበቃው ነገር ግን አሳሰበኝ። ቶሉዊን ልብን ለአድሬናሊን ከመጠን በላይ ስሱ ያደርጋል፣ ገና የሳበ ልጅ ደንግጦ ሲሮጥ አድሬናሊኑ ልቡን አዛብቶ እዛው ሊያቆመው ይችላል፣ በህክምና የታወቀ ነገር ነው። አታባርሯቸው፣ በእርጋታ ንፁህ አየር ወዳለበት አምጧቸው። ለጥበቃው አንብቡለት።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ፣ የስራ ጓደኛዬ የማሪዋና ከረሜላ ሰጠችኝ፣ ግማሹን በልቼ ምንም ስላልተሰማኝ ጨረስኩት፣ ከዛ የምሞት መስሎኝ 911 ደወልኩ።

መልስ፦ እንኳን ተረፍሽ፣ ብዙ ሰው እንደዚህ ነው የሚይዘው። ሲጨስ በደቂቃ ይሰማል፣ ሲበላ ግን በጉበት ስለሚያልፍ ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ይቆያል፣ ጉበቱም ይበልጥ ጠንካራ ወደሆነ ነገር ይቀይረዋል። አንቺ ሁለተኛውን የጨመርሽው የመጀመሪያው ገና መንገድ ላይ እያለ ነው። ልጆች ያሉበት ቤት ከረሜላ መስሎ አይቀመጥ። ቤተሰብ ውስጥ የአእምሮ ህመም ካለ ጭራሽ ባትነኪው እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ ሺሻ ውሃው ያጣራዋል አይደል?

መልስ፦ አያጣራውም፣ ያቀዘቅዘዋል። ስለቀዘቀዘም በደንብ ትስበዋለህ። ከሰሉ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ደም ላይ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ በርትቶ ይጣበቃል፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ «ምታው ደስ ይላል» የምትሉት ራስ ማዞር ከፊሉ እሱ ነው።

ጥያቄ፦ የሀረር ልጅ ነኝ፣ አያቴ ሰማንያ አመት ሙሉ ቅማ ጥርሷም ልቧም ደህና ነው። ታጋንናላችሁ።

መልስ፦ አያትህን እድሜ ይስጥልኝ። ምን ያህል፣ በስንት ሰዓት፣ ከምን ጋር እንደምትቅም ብታይ ግን ልዩነቱ ይገባሃል፣ ጠዋት ከምግብ በኋላ ትንሽ ለስራና ለዱአ የምትቅም እናትና ከምሳ እስከ እኩለ ሌሊት ቅሞ በቢራ የሚያወርድ የሀያ አመት ልጅ አንድ ነገር አያደርጉም። ደግሞ ልባቸው የቆመባቸው አያቶች እዚህ መጥተው አይፅፉም። ግፊት ያለበት፣ የልብ ችግር ያለበት፣ እርጉዝና የምታጠባ (ወተት ውስጥ ይገባል)፣ ሰው የሌለ ድምፅ ሰምቶ የሚያውቅ፣ ለነዚህ አልከራከርም፣ አይሆንም።

አንድ የማይነገር ነገር ልጨምር፣ አንቲባዮቲክ እየወሰዳችሁ አትቃሙ። አምፒሲሊን ከጫት ጋር ሲወሰድ ወደ ደም የሚገባው እንደሚቀንስ የመን ውስጥ ተጠንቷል፣ አሞክሳሲሊንም ትንሽ ይነካል። የግድ ከሆነ ጨርሳችሁ ሁለት ሰዓት ቆይታችሁ ዋጡት። ቅጠሉንም እጠቡት፣ ፀረ ተባይ የሚረጨው ብዙ ነው። የሆድ ድርቀቱ ደግሞ ቅጠሉ ውስጥ ካለው ታኒን ከሚባል ነገር ነው፣ ውሃ ጠጡ።

ጥያቄ፦ ላቆም ወስኛለሁ። ጫት ብቻ ነው፣ መጠጥ የለም። ምን ይጠብቀኛል?

መልስ፦ ጎበዝ። ጫት ማቆም እንደ አልኮል አይገድልም፣ ስለዚህ በአንድ ጊዜ ማቆምም መቀነስም ይቻላል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት እንቅልፍ፣ ረሀብ፣ ድብርት፣ ትንሽ ነገር መናደድ አለ፣ ሌሊት ዱካክ ይመጣል፣ የሚያስፈራ ህልም፣ የሚጫን ነገር። እሱም አንጎልህ የተነፈገውን የህልም እንቅልፍ እየከፈለ ነው፣ ሰው ደግሞበት አይደለም። በሳምንት ሁለት ሳምንት ውስጥ አብዛኛው ይቀላል። ሀራራው የሚመጣው በለመድክበት ሰዓት ስለሆነ ከ7 እስከ 10 ሰዓት ያለውን ጊዜ ከበርጫ ጓደኞችህ ሌላ ቦታ አሳልፈው፣ ያ ክፍልና ያ ሽታ ራሱ ዶፓሚንህን ይቀሰቅሰዋል። ድብርቱ ካልለቀቀ ወይ «ባልኖር ይሻላል» የሚል ሀሳብ ከመጣ በዛው ቀን ሂድ፣ አዲስ አበባ ከሆንክ አማኑኤል አለ፣ ክፍለ ሀገርም ብዙ ሆስፒታል የሳይካትሪ ክፍል አለው።

ጥያቄ፦ የመጨረሻ! ሀንጎቨር ላይ ፓናዶል ይወሰዳል?

መልስ፦ አልፎ አልፎ ለሚጠጣ ሰው አንድ ሁለት ፍሬ ችግር የለውም። በየቀኑ የሚጠጣ ሰው ግን ጉበቱ ፓራሲታሞልን (ፓናዶል ማለት እሱ ነው) ወደ መርዝ የሚቀይረው ኢንዛይም በዝቶበታል፣ መርዙን የሚያጠፋው ክምችት ደግሞ አልቆበታል፣ ለጤነኛ ሰው የተፈቀደው በቀን 4 ግራም ለሱ ይበዛል። አይቡፕሮፌን ደግሞ በባዶና በተቃጠለ ሆድ ላይ ጨጓራ ያደማል። ውሃ፣ ሾርባ፣ እንቅልፍ። የቀራችሁትን ነገ ማታ እመልሳለሁ፣ አሁን አዳር ተረኛ ነኝ።